ማስታጠቢያውን ወደ ሰው ማምጣት፦ በጤና ጣቢያ የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና እንዴት ይሰጣል?

ድግስ ቤት ስትገቡ ማንም ተነሥቶ "ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ ጀርም አለ" ብሎ አይሰብክም። አንድ ልጅ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዞ ፊታችሁ ይቆማል። ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ውሃ ያፈስላችኋል፣ ትታጠባላችሁ፣ አለቀ። እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በስላይድ እንሰብካለን። ቧንቧው ውሃ የለውም።

ይህን የምጽፈው "ከዛሬ ጀምሮ የኢንፌክሽን መከላከል ፎካል (ተጠሪ) ሆነሻል" የሚል ደብዳቤ እጃቸው ለገባ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ነው። እኔም ደብዳቤው ሲደርሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በጀት የለም፣ አበል የለም፣ ፕሮጀክተሩም ተበላሽቷል። አሁን ሳስበው የፕሮጀክተሩ መበላሸት ጠቅሞኛል።

ሥራው ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱ እዚያው በተኙበት ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ለመዳን መጥተው ማለት ነው።

1. ከማስተማራችሁ በፊት ዙሩ

አንድ ጠዋት ደብተር ይዛችሁ ታካሚ የሚሄድበትን መንገድ ሂዱ። ከበሩ ጀምሩ። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ የሚለይበት)፣ ምርመራ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ መርፌ ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ሽንት ቤት። በየቦታው ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ውሃ አለ? ሳሙና አለ? ሠራተኛው ከታካሚው ሳይርቅ ይደርስበታል?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ትልቋ ናት። መርፌ ክፍል በቀን ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ነርስ ቧንቧው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ አይታጠብም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሰልፉ አያስኬደውም።

የጎደለውን መጀመሪያ ሙሉ። ውሃ የሚቋረጥ ከሆነ ባለ ቧንቧ ባልዲ ወይም ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል በየክፍሉ አስቀምጡ፤ ከሥሩ የቆሸሸውን ውሃ የሚቀበል ሌላ ባልዲ ይኑር። በጆግ እየተቀዳ የሚታጠቡበትን አስቀሩ፤ ጆጉን የያዘው እጅ ራሱ አልታጠበም። ሳሙናው ውሃ በሚያንጠፈጥፍ ማስቀመጫ ላይ ይሁን። ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ሳሙና ራሱ የጀርም ቤት ይሆናል።

ሳሙና ይጠፋል። ስለዚህ ትልቁን ሳሙና ቆራርጣችሁ በትንንሹ አውጡ። ቢጠፋም ትንሽ ነው፣ ቶሎም ስለሚያልቅ አዲስ ይተካል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን የጋራ ፎጣ ደግሞ ዛሬውኑ አውርዱ። ወይ በሚጣል ወረቀት ወይ በአየር ይደርቅ።

ሳኒታይዘር መግዛት ካልተቻለ ከፋርማሲው ባለሙያ ጋር ሆናችሁ አዘጋጁ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር ይህ ነው፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር። የቀረውን ተፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ እስከ 10 ሊትር ሙሉት። ከዚያ ለ72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። እሳት ባለበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል በፍጹም አትሥሩት።

2. ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሩ

ብዙ ጊዜ ሥልጠና ሲመጣ ስሙ የሚጻፈው የሐኪምና የነርስ ነው። እኔ በጽዳት ሠራተኞች ጀምሩ እላለሁ። ማን ምን የት እንደሚጥል ጠንቅቀው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያ ዙሬን ሳደርግ አንዲት ትልቅ ሴት ባልዲ ይዘው ቆመው ነበር። "ሲስተር፣ ቢጫው ባልዲ ውስጥ መርፌ አለ እኮ" አሉኝ። "እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?" ስላቸው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አሉኝ። እጃቸው ላይ የነበረው ስስ የምርመራ ጓንት ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የጠየቅሁት ዕቃ ወፍራም የጽዳት ጓንትና ቦቲ ጫማ ሆነ።

ዝርዝራችሁ ውስጥ ልብስ አጣቢው፣ ጥበቃው፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅና የቆሻሻ ማቃጠያው ሠራተኛም ይግቡ። ጥበቃው የሚሳል ሰው ሲመጣ የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ አለበት። በሩ ላይ ያለው እሱ ነው።

3. ሥልጠናውን ቆራርጡት

ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ አትዝጉ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ 15 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት። ቦታው አዳራሽ ሳይሆን ሥራው የሚሠራበት ክፍል ነው። የገበያ ቀን አይሁን፤ የዚያን ቀን ታካሚ ይጎርፋል፣ ማንም አይሰማችሁም።

አበል የለውም ብሎ የሚያጉረመርም ይኖራል። 15 ደቂቃ ስለሆነች ማጉረምረሙም አጭር ነው። ሻይ ካላችሁ አቅርቡ።

በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ሠርቶ ያሳያችሁ። "ገባችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ገባን ይላል።

4. የመጀመሪያው ሳምንት፦ እጅ

ቪየና፣ 1847 እ.ኤ.አ.። ሰሚልዋይስ የሚባል ሐኪም በሚሠራበት ማዋለጃ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይረግፉ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ምርመራ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ማዋለጃው ይመጣሉ። እሱ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አስገደደ። ኤፕሪል ላይ 18 በመቶ የነበረው ሞት ጁን ላይ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ተቆጡ እንጂ አላመሰገኑትም። እናንተም ብትሰደቡ አይግረማችሁ።

የሚሠራ አንድ ልምምድ አለ። ለሠልጣኙ ጓንት አልብሱት፣ መዳፉ ላይ ትንሽ የውሃ ቀለም ጠብ አድርጉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁልጊዜ እንደሚታጠበው ይሽ። ዓይኑን ሲገልጥ አውራ ጣቱ፣ የጣቶቹ ጫፍና የእጁ ጀርባ ነጭ እንደሆኑ ቀርተዋል። የሁሉም ሰው እዚያው ላይ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው ፖስተር አያስፈልገውም።

ጊዜው በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። እጁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለው ሳኒታይዘር አይበቃም፤ ውሃና ሳሙና ነው። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። ጥፍር ይቆረጥ፤ አርቲፊሻሉም ጭምር፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

መቼ? አምስት ጊዜ ነው። ታካሚውን ከመንካት በፊት። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) እንደማስገባትና ቁስል እንደማሸግ ያለ ንጽሕና የሚፈልግ ሥራ ከመሥራት በፊት። ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ። ታካሚውን ከነኩ በኋላ። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን ወይም ዕቃውን ከነኩ በኋላ። የመጨረሻዋ ሁሌም ትረሳለች፤ "ታካሚውን አልነካሁትም እኮ" ይባላል። አንሶላውን ግን ነክተሃል።

አስታማሚዎችንም አትርሱ። እናት ለልጇ እያጎረሰች ያለችው አልጋው ላይ ነው። ለሷ ሳሙናና ውሃ ወዳለችበት ይምጣላት።

5. ሁለተኛው ሳምንት፦ ጓንትና አወላለቅ

ጓንት ያደረገ ሰው የታጠበ ይመስለዋል። ያንኑ ጓንት አድርጎ በር ይከፍታል፣ ስልክ ያነሣል፣ ካርድ ይጽፋል። ጓንቱ የጠበቀው እሱን ብቻ ነው። አንድ ጓንት ለአንድ ታካሚ፣ ከዚያ ይወልቅ፣ ከዚያ እጅ ይታጠብ። በጓንት ላይ ሳኒታይዘር ማፍሰስ መታጠብ አይደለም።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ሲረጋገጥ ብዙዎቻችን "ጋውን አለን?" ብለን ጠየቅን። "አወላለቁን ማን ያውቃል?" ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሰው ራሱን የሚበክለው ብዙውን ጊዜ ሲያወልቅ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ጓንት ላይ የቲማቲም ድልህ ቀቡ፣ ከዚያ አውልቁ በሏቸው። እጅጌ ላይ፣ አንገት ላይ፣ ማስክ ላይ ቀይ ምልክት ፈልጉ። (አዋዜ የሚል ሐሳብ ያመጣ ባልደረባ ነበረኝ። ዓይኑን ካከከ ትምህርቱን መቼም አይረሳም ብሎ። ድልህ ይበቃል።) ቅደም ተከተሉ፦ ጓንት መጀመሪያ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ። እጅ ይጸዳ። መነጽር ከጀርባ በኩል ይነሣ። ጋውኑ ከሰውነት እየራቀ ይጠቅለል። ማስክ መጨረሻ ላይ፣ ክሩን ብቻ ይዞ። እንደገና እጅ።

6. ሦስተኛው ሳምንት፦ ስለት

ሕጉ አጭር ነው። መርፌ ክዳኑ አይመለስም። አይታጠፍም። ከሲሪንጁ በእጅ አይነቀልም። ተጠቅሞ የጨረሰው ሰው ራሱ፣ እዚያው፣ ሴፍቲ ቦክስ (የስለት መጣያ ካርቶን) ውስጥ ይጥለዋል። ለሌላ ሰው "ጣልልኝ" አይባልም።

ሴፍቲ ቦክሱ እጅ በሚዘረጋበት ርቀት ይሁን እንጂ ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ አይቀመጥ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። እላዩ ላይ መርፌ የቆመበትን ሳጥን በእጅ ገፍቶ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ። "ካርቶን ቆጥቤ ነው" አለኝ።

ሌላው ቆሻሻ ቀላል ነው። ደምና ፈሳሽ የነካው ቢጫ፣ ተራው ጥቁር ባልዲ ውስጥ። የእንግዴ ልጅ ወደ ጉድጓዱ። ባልዲዎቹ ጎን ለጎን ከሌሉ ሰው ወደቀረበው ይጥላል።

አሁን ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። መርፌ የወጋው ሰው ምን ያደርጋል? ወዲያው በሳሙናና በውሃ ያጥባል። አይጨምቅም፣ በረኪናም አልኮልም አያፈስበትም። ደም ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በዚያችው ሰዓት ያሳውቃል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት በሰዓታት ውስጥ ይጀመራል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ ከተጀመረ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የኤችአይቪ ቫይረስ ካለበት ደም በመርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ውጊያ 3 ገደማ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኞችን ጨምሮ ሁሉም ሰው 3 ዶዝ ክትባቱን መጨረሱን በስም ዝርዝር አረጋግጡ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አሁኑኑ መልሱ፦ እሑድ ሌሊት መድኃኒቱ ያለበት ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው? እኔ በሌሊት ተረኛነት ስወጋ ቁልፉ የነበረው ፈቃድ ወጥቶ ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት ድረስ ኮሪደር ላይ ስመላለስ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ዶዝ በታሸገ ፖስታ ተረኛው መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ ሳላደርግ ሥልጠና አልጀምርም።

7. አራተኛው ሳምንት፦ በረኪና

በረኪና በዓይን አይለካም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ አንብቡ። የጠርሙሱን መቶኛ ለምትፈልጉት አካፍሉ፣ ከዚያ 1 ቀንሱ። የሚመጣው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው ውሃ ነው። 5 በመቶ በረኪናን ወደ 0.5 ለማውረድ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ 1 ሲቀነስ 9። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ። 4 በመቶ ከሆነ ሰባት ኩባያ። ባለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 7 ግራም።

0.5 በመቶው ደም ለፈሰሰበት ነው። ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነካቸውን እጀታዎች፣ የአልጋ ብረትና ጠረጴዛ ለማጽዳት 0.1 በመቶ ይበቃል። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ ባልዲው ላይ ቀኑ ይጻፍ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር አትደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ደም ከፈሰሰ መጀመሪያ ወፍራም ጓንት። ፈሳሹን በጨርቅ ወይም በወረቀት ምጠጡና ቢጫ ባልዲ ውስጥ ጣሉ። በሳሙና እጠቡ። ከዚያ 0.5 በመቶውን አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ። ቅደም ተከተሉ ለምን? ክሎሪን ቆሻሻ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ደረቅ መጥረጊያም ክፍል ውስጥ አይግባ፤ አቧራውን አንሥቶ መልሶ ቁስል ላይ ያስቀምጠዋል። እርጥብ መወልወያ፣ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች።

8. አምስተኛው ሳምንት፦ መሣሪያ

እዚህ ላይ ከድሮ ሰው ጋር ትጣላላችሁ። ሁላችንም የተማርነው "መሣሪያውን መጀመሪያ በ0.5 በመቶ በረኪና 10 ደቂቃ ዘፍዝፍ" ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን አይመክርም። ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል፤ ደሙም ክሎሪኑን ያዳክመዋል። ሠራተኛው ደግሞ "በረኪና ውስጥ ነበር" ብሎ ጥንቃቄውን ይተወዋል። ይልቅ መሣሪያው እንዳይደርቅ እርጥብ አድርጋችሁ ወዲያው ውሰዱት፣ መገጣጠሚያውን ከፍታችሁ በሳሙናና በብሩሽ ውሃው ሥር እሹት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት። መፈተጉ ውሃው ውስጥ ይሁን እንጂ አየር ላይ አይሁን፤ ፊት ላይ ይረጫል።

ከዚያ አውቶክሌቭ፤ በግፊት እንፋሎት የሚያመክን፣ ማለትም ጀርሙን ሁሉ የሚገድል ማሽን። በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልተጠቀለለ 20 ደቂቃ፣ የተጠቀለለ 30 ደቂቃ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው፣ ማሽኑ ከተበራ ጀምሮ አይደለም። ደጋ ላይ ያላችሁ የግፊት መለኪያውን ብቻ አትመኑ፤ ሙቀቱን እዩ። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ቀለም መቀየር ሙቀት ነካው ማለት እንጂ መከነ ማለት አይደለም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ይመለስ።

"አፍልተነዋል" የሚባለውንም ተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። መቀቀል ማምከን አይደለም፣ ደጋ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ።

9. ስድስተኛው ሳምንት፦ ሳልና መስኮት

ታክሲ ውስጥ "መስኮት ክፈቱ" ሲባል የሚነሣውን ጭቅጭቅ ታውቃላችሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥም ያው ነው። ክረምት ላይ 40 ሰው በተዘጋ ክፍል ወረፋ ይጠብቃል፣ ከነሱ አንዱ ቲቢ አለበት።

የሚሳለውን ሰው በር ላይ ለዩት፣ ማስክ ስጡት፣ ወረፋ አስቀድሙለት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ለቲቢ ይመርመር። የመጠበቂያ ቦታው ከተቻለ ውጭ፣ ጥላ ሥር ይሁን። ምርመራ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ወይም መስኮትና በር ይከፈቱ። "ብርድ መታኝ" ለሚል አረጋዊ ወንበሩን አዛውሩለት እንጂ መስኮቱን አትዝጉት።

10. ቁጠሩ

ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ሰው በሳምንት 20 ደቂቃ ተቀምጦ ያይ። እጅ መታጠብ የነበረባቸውን አጋጣሚዎች ይቁጠር፣ የታጠቡባቸውንም ይቁጠር። ከ20ው 9 ከሆነ 45 በመቶ ነው። ቁጥሩን የጠዋት ስብሰባ ላይ በክፍል ተናገሩ፣ በሰው ስም አይደለም። ስም የተጠራበት ሰው የሚማረው እናንተ ስትመጡ መታጠብን ብቻ ነው።

ለካሽ (የጤና ተቋማት ንጽሕናና ደኅንነት ፕሮግራም) ኦዲት ሲባል በአንድ ሌሊት ግቢው ነጭ ቀለም ሲቀባ፣ ሳሙና በየቦታው ሲደረደር አይተናል። በማግስቱ ሳሙናው ወደ መጋዘን ይመለሳል። ስለዚህ የኔ ሌላ መለኪያ ይህ ነው፦ ንብረት ክፍል ሄጄ በዚህ ወር ስንት ሳሙና ወጣ ብዬ እጠይቃለሁ። የታካሚው ቁጥር ጨምሮ ሳሙናው ካልጨመረ ቼክሊስቱ ላይ የተጻፈውን አላምንም።

ያሠለጠናችሁት ሰው በየጊዜው ይዛወራል። አዲስ ተመዳቢ ሲመጣ ቀጣዩን ዙር እስኪጠብቅ አትተዉት። በመጀመሪያው ሰዓት ውሃው የት እንዳለ፣ ሴፍቲ ቦክሱ የት እንዳለ፣ የተረኛው መሳቢያ የትኛው እንደሆነ ይዛችሁት ዙሩ። የምደባ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ወደ አስተዳደር ይውሰድ።